የዶክተር አምኃ ዘር

ድምፁ የመጣው ቁርስ ላይ ነው። ደባልቄ እንደ ልማዱ አንገቱን እያሸ ስለ ትራሱ ያጉረመርማል፤ «ይሄ ትራስ ነው ወይስ የጠጠር ጆንያ?» ይላል። ውብአለምም እንደ ልማዷ «ለአንገት ጥሩ ነው» ብላ ዳቦ ትቆርስለታለች። ግድግዳው ላይ የተሰካው ድምፅ ማጉያ የጧት ማስጠንቀቂያውን ይናገራል። ነፋሱ ከምሥራቅ ነው። ጫማችሁን በመድኃኒቱ ውሃ ሳትነክሩ ከግቢ አትውጡ። ብርቱካንማ ልብስ አትልበሱ። እርሻ ውስጥ አትግቡ። እርሻችሁ ጤናማ ነው። የጅሩ ሰው ይህን ጧት ጧት እየሰማ ነው የኖረው፤ ማዳመጡን ከተወ ግን ቆይቷል።

የዚያን ቀን ማስጠንቀቂያው ሲያልቅ ማጉያው አልተዘጋም።

«ውብአለም» አለ በሌላ ድምፅ። ለስለስ ያለ፣ ለመናገር የማይቸኩል የወንድ ድምፅ ነው። «ውብአለም፣ ዘሬ አንቺ ጋ ነው። ሰው እልካለሁ፤ ስጪው።»

ደባልቄ የጎረሰውን ማላመጥ ተወ። ድምፁን አገር ያውቀዋል። በየዓመቱ በፈንዱ ቀን አደባባይ ንግግር የሚያደርገው እሱ ነው፤ የዶክተር አምኃ ይርዳው ድምፅ። ዶክተር አምኃ ግን ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

ዶክተሩ ስንዴን ከዋግ ያዳኑ ሰው ናቸው። ዋግ የሚባለው በሽታ በአንድ ሰሞን የአገሩን ስንዴ በቁሙ ሲያደርቅ፣ በሽታው የማይበግረው ዘር አዳቅለው አወጡ። ዘሩም በስማቸው «አምኃ» ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ተዘራ፤ ዋግም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ሲሞቱ ሥራቸው አብሯቸው እንዳይቀበር የምርምር ፈንድ ተቋቋመላቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ፈንዱ መጀመሪያ ወጣት ተመራማሪዎችን ይረዳ ነበር። ቀስ በቀስ ዘር የሚያድለው እሱ ሆነ። ከዚያ ማጉያውን በየቤቱ ሰካ፣ የሟቹን ድምፅ በመሣሪያ አስመስሎ አናገረበት፣ በየእርሻው ዳር ምሰሶ ላይ «ዓይን» የሚሉትን መሣሪያ ተከለ፣ የሚያርሰውንም የሚያጭደውንም መኪና እሱ ይልክ ጀመር። ተመራማሪዎቹ የት እንደደረሱ የሚጠይቅ የለም። ዛሬ ዋግን አይቻለሁ የሚል ሰው አይገኝም፤ ከዋግ የማይጠነቀቅ ሰውም አይገኝም።

ገበሬ የሚባለው እንግዲህ እርሻውን በመስኮት የሚያይ ሰው ነው። ዓይኑ ብርቱካንማ ነገር ካየ ዋግ ነው ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ ብርቱካንማ የሚለብስ የለም፤ ሙሽሮችም እጃቸውን እንሶስላ መሞቅ ትተዋል። ልብስ ሰፊው ደባልቄ አንድ ሣጥን ሙሉ ክር አስረክቦ፣ በዚያ ቀለም ከሰፋ ስንት ዘመኑ። ከሁሉ የከበደው ግን የዘር ሕግ ነው። ከፈንዱ ዘር ሌላ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው እርሻው ይቃጠላል፣ መሬቱም ይወሰድበታል። አውቆ ዝም ያለም እንደ ደበቀ ይቆጠራል።

ውብአለም ይህን ሕግ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ድምፁ «ዘሬ አንቺ ጋ ነው» ሲል ልቧ በቀጥታ የሄደው ወደ መኝታ ቤት፣ ወደ ባሏ ትራስ ነው።

«ምን አለ?» አለ ደባልቄ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«ዘሬ አለ እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«አንቺም አለሽ። ሽማግሌ ባልሽ ፊት፣ እርስዎ እንኳ ሳይል።» ከዚያ ዳቦውን ወደ ገበታው መለሰና ጠየቃት። «ዘሪሁን የተወለደው መቼ ነበር?»

ግራ ገባት። ልጃቸው ዘሪሁን ደብረ ብርሃን የውሃ ፓምፕ የሚጠግን፣ ሚስት ያገባ ጎልማሳ ነው። የሱ መወለድ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ደባልቄ መልስ ሳይጠብቅ ተነሳ፣ ጫማውን በመድኃኒቱ ውሃ ነክሮ ወደ ሱቁ ሄደ። ነገሩ የገባት ደጁ ከተዘጋ በኋላ ነው። ዘር የስንዴም ነው፣ የሰውም ነው። እሷ ስለ ስንዴው ስትደነግጥ ባሏ ስለ ልጁ ኖሯል የደነገጠው።

የማጉያውን ቁልፍ ተጫነች።

«ፈንድ ነው?»

«ውብአለም፣ ዘሬ አንቺ ጋ ነው» አለ ሟቹ።

«ዶክተር፣ ዘር ሲሉ… የምኑን ዘር ነው?»

«የኔን።»

«የርስዎን ማለት…» እዚህ ላይ አቆመች። «የስንዴውን ነው?» ብላ ብትጠይቅ ራሷን ማጋለጧ ነው፤ ማጉያው መናገር ብቻ ሳይሆን ይሰማልም። «የልጅ ነው?» ብላ ብትጠይቅ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ነውር ነው። «…ማለት፣ የቱን?» አለች በመጨረሻ።

«ሰው እልካለሁ፤ ስጪው።»

ዘጋችው። ወደ መስኮቱ ሄዳ እርሻዋን አየች። መሬቱ የናቷና የአባቷ ነው፤ ደባልቄ ከከተማ መጥቶ ነው ቤት የገባው። ስንዴው አረንጓዴ ሆኖ እስከ ገደሉ ጫፍ ተኝቷል። በታችኛው ጥግ በኩል አንድ ቦታ ልምላሜው የደበዘዘ መሰላት፤ ሰሞኑንም እንዲሁ መስሏት ነበር። ዓይኑ ግን ምሰሶው ላይ ሆኖ «ጤናማ» ይላል። የኔ ዓይን ነው ያረጀው ብላ ተወችው።

ማጉያ የአንድ ቤት ሚስጥር አይጠብቅም። ረፋዱ ላይ ጎረቤቷ አበቡ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች።

«እትዬ ውብአለም፣ እንኳን ደስ አለሽ!»

«በምኑ?»

«የዶክተሩ ዘር እናንተ ቤት ነው አሉ እኮ! እኔማ ድሮም እጠረጥር ነበር፤ ዘሪሁን እንዲያ መኪና ፈትቶ የሚገጥመው ከየት አመጣው እል ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ደባልቄ እንዴት ሆኑ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ውብአለም የገዛ ታሪኳን ከአጥር ማዶ ሰማች፤ መንደሩ ገና ቁርሱን ሳያወራርድ ፈርዶ ጨርሷል። «አንቺ ሴት፣ እግዜርን ፍሪ» ብላት ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ደባልቄ ሱቁ ውስጥ የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጧል፤ ግን አይሰፋም። መርፌው ላይ ክር የለም። ውብአለም መደርደሪያው ላይ ያገኘችውን ካፖርት ሁሉ አንስታ የሱቁን ማጉያ ሸፈነችው፣ ከዚያ ፊቱ ቆመች።

«ተናገር» አለችው። «በሆድህ አትያዘው።»

«ሠላሳ ዓመት ይዤዋለሁ፤ ምን ያስቸኩለኛል?»

«ምኑን?»

ደባልቄ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጣቶቹን ያይ ጀመር። ሲናገር ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራት።

«ያ ሰውዬ እኛ ቤት በተከራየ ጊዜ፣ ልጅ አጥተን አራተኛ ዓመታችን ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከእርሻ አብራችሁ መጣችሁ። ደጅ ላይ ቆሜ ነበር። የጣትሽን ጫፍ አየሁት፣ እንሶስላ ሞቋል። የሱንም አየሁት። እሱም ሞቋል። ሁለታችሁም ጣታችሁ አንድ ቀለም ነው። ወንድ ልጅ፣ ያውም ዶክተር፣ ከሰው ሚስት ጋር ቁጭ ብሎ እንሶስላ የሚሞቀው ምን ሆኖ ነው አልኩ። ከዚያ በዓመቱ ዘሪሁን መጣ። አለቀ።»

ውብአለም ሳቀች። ማሳቅ የሌለበት ነገር እንደሆነ እያወቀች፣ ሳቋ አምልጧት ወጣ። ደባልቄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳቋ በእንባ ሲያልቅ «ዋግ ነበር እኮ!» አለችው።

«ምን?»

«ዋግ! እንሶስላ አልነበረም፣ ዋግ ነበር። የስንዴ ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት ነው፤ ስትነካው ጣትህ ላይ ይቀራል።»

«ያን ጊዜ ዋግ ጠፍቷል ተብሎ ጥሩምባ የተነፋበት ዓመት ነበር። ራሱ ዶክተሩ ነው በሬዲዮ ያወጀው።»

«ለዚህ ነው የደበቁት!»

ነገረችው። ዶክተሩ በዚያ ዓመት የራሳቸውን ስንዴ ሊጎበኙ ነበር የመጡት። በእርሻው ታችኛው ጥግ ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉ፣ ጠፋ ያሉት በሽታ በገዛ ስንዴያቸው ላይ ተቀምጦ ቆያቸው። ተንበርክከው ቅጠሉን በየተራ ገለበጡ። «ጠፍቷል ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። ቢናገሩ እርሻው ሙሉ በሙሉ ይቃጠላል፤ የሚያፍሩትም እሳቸው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ እንደፈሩ ውብአለም እስከ ዛሬ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ የታመመውን እየነቀሉ ቀበሩ። ሲመሽ ጣታቸው እንዲያ ሆኖ ነበር።

ደባልቄ አዳምጦ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በቀለም አታታልይኝም። የእንሶስላ ቀለም አውቃለሁ። ዋግ ያልሽውን ግን ማን አይቶታል? ይሁን ልበልና፣ ዋግ ነበረ ልበል። ታዲያ ሰውዬው ከመቃብር ተነስቶ ‹ዘሬ አንቺ ጋ ነው› ያለው ምኑን ነው?»

ውብአለም አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ብትነግረው አወቀ ይባላል፤ ያወቀ ደግሞ እንደ ደበቀ ይቆጠራል፤ እሷ ስትያዝ እሱም አብሮ ይያዛል። ዶክተሩም «ለባልሽም ቢሆን» ብለው አስምለዋታል።

ደባልቄ ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰደው። ክሩን አንስቶ በመርፌው ቀዳዳ አስገብቶ መስፋት ጀመረ። የዚያን ሌሊት ትራሱን ትቶ ሳሎን አግዳሚ ላይ ተኛ። አንገቱ እንኳ አልታመመም መሰል፣ ጧት ስለ አንገቱ ምንም አላለም።

የፈንዱ መልእክተኛ በማግሥቱ ከማስጠንቀቂያው ቀጥላ ደረሰች። ናርዶስ የምትባል፣ ነጭ ካፖርት የለበሰች ወጣት ናት። ጫማዋን ሁለት ጊዜ ነክራ ገባች፣ ተቀመጪ እስክትባል ቆማ ቆየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዕቃ አስቀመጠች። አንዱ ክዳን ያለው የመስታወት ብልቃጥ ነው። ሌላው ደም መቅጃ መርፌ ነው።

ውብአለም ሁለቱን ተራ በተራ አየች። «ብልቃጡ ለምንድነው ልጄ?»

«ዘሩ ስንዴ ከሆነ ነው፣ እማማ።»

«መርፌውስ?»

«ሰው ከሆነ።»

«አንቺስ የትኛው ነው ብለሽ መጣሽ?»

ናርዶስ ፊቷ ቀላ። «እኔ አዲስ ሠራተኛ ነኝ፣ እማማ። ዶክተር አምኃ በመጨረሻ ሕመማቸው ላይ የተናገሩት፣ የተቀረጸ ድምፅ ተገኘ። ‹ዘሬ ጅሩ ቀርቷል፣ ውብአለም ጋ› ይላል። መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ስንዴ ነው አለ፣ ግማሹ ልጅ ነው አለ። የፈንዱ በዓል ደርሷል፣ ዘራቸውን በክብር መቀበል አለብን ተባለ። ከሁለቱም ክፍል ዕቃ ተሰጠኝ። ዘሩን ይዘሽ ነይ ነው ትዕዛዙ።»

«ይዘሽ ሄደሽ ምን ልታደርጉት?»

«ሰው ከሆነ መድረክ ላይ ይቀመጣል። ስንዴ ከሆነ አዳራሹ ውስጥ፣ በመስታወት።»

«ስንዴ ከሆነ ሕጉስ?»

ናርዶስ ትንሽ አሰበች። «ሕጉማ ያው ነው። ዘሩ ይከበራል፣ እርሻው ይቃጠላል።»

ይህን ስትናገር አላፌዘችም። እንዲህ ተብሎ ነው የተነገራት፣ እንዲሁ አድርጋ አደረሰችው።

ደባልቄ ከአግዳሚው ተነሳ። ጢሙን አልተላጨም፤ ሸሚዙን ግን ተኩሶ ለብሷል። «ሰው ነው» አለ። «መርፌውን አዘጋጂ የኔ ልጅ። ዘሪሁንን አሁን ደውዬ ከደብረ ብርሃን አስመጣዋለሁ። ከሱም ቅጂ፣ ከኔም ቅጂ። ይለይልን።»

«ደባልቄ!»

«ምን አለበት? ንጹሕ ከሆንሽ ደሙ ይናገራል።»

ደሙ እንደሚናገር ውብአለም ታውቃለች፤ ከዚያ የሚፈራ ነገር የላትም። የፈራችው ሌላ ነው። ዘሪሁን በክረምት መንገድ መጥቶ፣ አባቱ እጅጌውን ሰብስቦ ደም ሲያስቀዳ ያገኘዋል። «ለምንድነው?» ይላል። ይነገረዋል። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ አባቱ የተጠራጠረው ልጅ መሆኑን ካወቀባት ሰዓት ጀምሮ ያ ልጅ ወደዚህ ቤት እንደ ልጅ አይገባም። ደባልቄም ይህን ነገር ሲጸጽተው ይኖራል፤ እሷ ደግሞ ሁለቱንም ስታይ ትኖራለች። መሬት ይቃጠል። መሬት ሌላም ሰው ያርሰዋል።

ስልኩን አንስቶ ቁጥሩን ሲፈልግ፣ መኝታ ቤት ገብታ ትራሱን ይዛ ወጣች። መቀሱን ከስፌት ዕቃው ውስጥ አነሳች። ናርዶስ መቀሱን አይታ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተነጫነጭክበት ትራስ» አለች ውብአለም፣ «ይኸውልህ።» ጠርዙን ቀደደችው።

ስንዴው ጠረጴዛው ላይ እየተንሿሿ ፈሰሰ። ቀጭን፣ ጠቆር ያለ ፍሬ ነው፤ የፈንዱን ስንዴ አይመስልም። መርፌውን ሸፈነው፣ ብልቃጡን ከበበው፣ ሞልቶ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

«ያን ቀን ከታመመው መሐል አንድ እግር ስንዴ ዋጉ ሳይነካው ቆሞ አገኘን» አለች። «የናቴ የድሮ ዘር ነው፣ ተቀላቅሎ የበቀለ። ዶክተሩ ፍሬውን ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን ወሰዱ፣ ግማሹን ‹የኔ ቢጠፋ ያንቺ ይኑር፣ ለባልሽም ቢሆን እንዳትነግሪ› ብለው ሰጡኝ። ፍሬው እንዳይሞት በየጥቂት ዓመቱ ጓሮ፣ ጌሾው ሥር እዘራዋለሁ። ዓይኑ እርሻ እንጂ ጓሮ አያይም። ሲደርስ ትራስህን አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን እሞላዋለሁ። ‹ትራሱ አዲስ ሆነ እንዴ?› ትለኝ የለ?»

ደባልቄ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። አንድ ፍሬ አንስቶ በጣቱ አገላበጠ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እውነትም ፍሬው ነቀዝ አልነካውም።

«ዘሩ ይሄ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እሺ። ዘሩ ይሄ ይሁን። ጣቱስ?»

«የምን ጣት?» አለች ናርዶስ፤ እሷ ከመነሻውም አልገባትም።

«ጣታቸው አንድ ቀለም ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰው ጥርጣሬን ሠላሳ ዓመት ቀልቦ ካሳደገው፣ በአንድ ጧት ከቤት ማስወጣት ይከብደዋል። ውብአለም ባሏን አየችው። መሬቷን አሁን በዚህች ልጅ ፊት ሰጥታለች፤ እሱ ግን ገና ደጅ ላይ ቆሞ ሁለት ጥንድ እጅ ያያል። ምን ቀራት? ከዚያ በመስኮት ያየችው የእርሻው ጥግ ትዝ አላት፤ የደበዘዘው ቦታ።

እጁን ይዛ ጎተተችው። ጫማቸውን ሳይነክሩ በጓሮ በር ወጡ፣ ማንም የማያልፈውን ነጭ መስመር አለፉ፣ ስንዴው ውስጥ ገቡ። ናርዶስ «እማማ! ክልክል ነው እኮ!» እያለች እስከ መስመሩ ተከተለቻቸውና እዚያ ቆመች።

«ከእርሻው ውጡ» አለ ዓይኑ ከምሰሶው ላይ። «እርሻችሁ ጤናማ ነው። ከእርሻው ውጡ።»

ታችኛው ጥግ ሲደርሱ ውብአለም ጎንበስ ብላ ስንዴውን ገለጠችው። ላዩ አረንጓዴ ነው፤ ከላይ ለሚያይ አንዳች ነገር የለበትም። ከሥር፣ መሬቱ አጠገብ ያሉትን ቅጠሎች በጀርባቸው ገለበጠቻቸው። ከዚያ የደባልቄን እጅ ወስዳ ቅጠሉን በጣቶቹ መሐል አስይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

ደባልቄ ጣቱን ወደ ብርሃኑ አነሳው።

ብዙ ጊዜ አየው። ጨርቅ ሲመርጥ እንደሚያደርገው፣ አንዴ አቅርቦ፣ አንዴ አርቆ፣ አንዴ ወደ ጥላው አዙሮ አየው።

«ይሄ ነው» አለ። «ውብዬ፣ ይሄው ነው። ይሄው ራሱ ቀለሙ ነው።» ከዚያ ሽማግሌው ሰውዬ ስንዴው ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ዋግ ኖሯል እኮ» ይላል እያለቀሰ፤ «ዋግ ኖሯል!» እያለ ደስ ይለዋል።

ውብአለም እልል ትበል ወይስ ዋይ ትበል አላወቀችም። ስሟ ከተነሳ ወዲህ ያን ያህል ቀልሏት አያውቅም፤ ስንዴው ደግሞ እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ ያው አንዱ ስንዴ ነው፤ ከገደሉ ማዶም ያው ነው፣ አገሩም ሁሉ ያው ነው። ሁለቱን ነገር በአንድ ልብ ልትይዘው አልቻለችም። ባሏ አጠገብ ተቀመጠችና ትከሻውን አቀፈችው።

ደባልቄ ጣቱን ለናርዶስ ሊያሳያት ወደ ላይ አነሳው። ያኔ ዓይኑ አየው። ብርቱካንማውን ጣት አየና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ዋግ አይቶ ጮኸ። ጩኸቱን የሚቀጥለው ዓይን ተቀበለ፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ እስከ ሜዳው መጨረሻ። ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ወጣ።

ናርዶስ መስመሩ ላይ እንደቆመች ነበር። አንድ እግሯን አንስታ አሳለፈችው፣ ቀጥሎ ሌላውን፤ መጥታም ቅጠሉን ገልብጣ አየችው። ስለዚህ በሽታ ስትማር የኖረች ናት፤ አይታው ግን አታውቅም።

«እማማ» አለች፣ «ጌሾው ሥር ያለውስ? እሱስ ይዞታል?»

«ትናንት ሳርመው ቅጠሉን ገልብጬ አይቻለሁ» አለች ውብአለም። «ንጹሕ ነው።»

ጩኸቱ ድንገት ተቋረጠና በየምሰሶው ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ፤ ፈንዱ በጭንቅ ጊዜ የሚያናግረው እሱን ነው። ድምፁ የሚያውቀው ግን ያንኑ ነው።

«ውብአለም» አለ ሟቹ በሜዳው ሁሉ፣ አበቡም፣ ጎረቤቱም፣ መንደሩም እየሰማ። «ውብአለም፣ ዘሬ አንቺ ጋ ነው።»

ደባልቄ የሚስቱን ትከሻ ተደግፎ ተነሳ። ውብአለም ጣቱን በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግለት ስትል እጁን ሸሸጋት። ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ምሰሶው ቀና አለ።

«ሰምተናል ዶክተር» ብሎ ጮኸ። «እኛ ጋ ነው። ትራሴ ውስጥ ነው!»